ስለ ሦስተኛው ክፍል የጻፍኩት

ፌብሩዋሪ 3፣ ማክሰኞ

ሠርካዲስ ደወለች። የወርሃዊ ጋዜጣችን አዘጋጅም አሳታሚም አከፋፋይም እሷው ናት። ቀን ቀን ኢንሹራንስ ቢሮ ትሠራለች፤ ጋዜጣውን የምታዘጋጀው በምሳ ሰዓቷ ነው።

«ጋሽ ባሕሩ፣ የዳንስ ነገር ይጻፉልኝ» አለች።

የምን ዳንስ አልኳት። የገብረትንሳኤ ልጅ ወጋሕታ ከአራት ጓደኞቿ ጋር ሳንታ ፌ መንገድ ላይ ባለች ትንሽ አዳራሽ፣ ቅዳሜና እሁድ የምታሳየው ሥራ አለ። ያቀናበረችው ራሷ ናት። እስከ ማርች 8 ይቆያል። በማግስቱ ወደ ቺካጎ ትሄዳለች፤ አንድ የዳንስ ቡድን የሁለት ዓመት ኮንትራት ሰጥቷታል።

«እኛ ቸርች ዳንስ ሲባል ፊት ይከብዳል» አለች ሠርካዲስ፤ «ግን የእኛው ልጅ ናት። እርስዎ ከጻፉት ደግሞ ማንም አይናገረኝም።»

አዲስ አበባ ሳለሁ ሃያ ሁለት ዓመት የጋዜጣ ባህል ገጽ ላይ ሠርቻለሁ። ትያትር አውቃለሁ። የባህል ውዝዋዜ አውቃለሁ። ባሌት በሕይወቴ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ይሄኛው ኮንቴምፖራሪ የሚሉት ነው። ምን እንደሆነ በትክክል አላውቅም። እሺ አልኩ።

ፌብሩዋሪ 5፣ ሐሙስ

ተሳፋሪ በዊልቸር ከምገፋበት ሺፍት እንደወጣሁ አየር ማረፊያው የታክሲዎች መጠበቂያ ግቢ ጎራ አልኩ። ሾፌሮቹ ሎቱ ይሉታል። ገብረትንሳኤ ከሃያ ዓመት በላይ ወረፋ የጠበቀው እዚያ ነው። አስመራ በአማርኛ ተምሮ፣ በኋላ አዲስ አበባ የኖረ ሰው ነው። እኔን ከማወቁ በፊት ገጼን ያነብ ነበር።

ከኖቬምበር ጀምሮ ከልጁ ጋር አይነጋገሩም። የጥርስ ክሊኒክ ሥራዋን ለዳንስ ብላ የተወች ጊዜ ነው ያቆመው።

«ልጅህን ላያት ነው» አልኩት።

«ሰምቻለሁ።»

«አንተስ አትሄድም?»

«እኔ ሄጄ ምን አውቃለሁ? እግሯን ስታነሳ አይቼ ምን እላለሁ? አንተ እይና ጻፍ። አነበዋለሁ። የሚታይ ነው ካልክ ሄጄ አያለሁ። አይደለም ካልክ ደግሞ ይገላግለኛል።»

«ጋዜጣ እንዲህ ያለውን አይወስንም።»

«የእኔን ይወስናል።»

ጣሰው የሚባለው ወጣት ሾፌር በመስኮት ብቅ ብሎ ሰማንና፣ «እንግዲህ ጋሽ ገብሬ ልጁን በጋዜጣ ሊጠይቅ ነው!» አለ። ሁሉም ሳቁ። ገብረትንሳኤ አልሳቀም። ቀልዱን ነው ብዬ ነበር፤ አይደለም።

እስከ ማርች 8 ካላያት በዚህ ኩርፊያ እንደተለያዩ ትሄዳለች ማለት ነው። ይህ የእኔ ጉዳይ መሆን አልነበረበትም።

ፌብሩዋሪ 8፣ እሁድ። አውቶቡስ ውስጥ።

ከሌሊቱ አስር ሰዓት እስከ ቀኑ ስድስት ሥራ ላይ ነበርኩ። አስራ አንድ ዊልቸር ገፋሁ። ከዚያ በባቡር ዩኒየን ስቴሽን፣ ከዚያ አውቶቡስ። ስምንት ሰዓት ተጀመረ።

አዳራሹ ዘጠና ወንበር። የሱፐር ቦውል ጨዋታ ቀን ስለሆነ ግማሹ ባዶ። ማሞቂያው በትክክል ከራሴ በላይ።

ፕሮግራሙ አንድ ወረቀት ነው። አርዕስት የለም። 1፣ 2፣ 3፣ 4 ይላል። አርዕስት የሌለው ሥራ አንባቢን መናቅ ነው፤ ወይም እኔ አርጅቻለሁ።

አንደኛ፦ አምስቱም መድረኩን እያቋረጡ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። እጃቸው ባዶ ነው፤ ጀርባቸው ግን የተሸከመ ሰው ጀርባ ነው። አስራ ሁለት ደቂቃ።

ሁለተኛ፦ ሁለት ወንዶች ይደጋገፋሉ። አንዱ ሲለቅ ሌላው ይወድቃል። መሬት ሲመታ ድምፁ ይሰማል። ማንም አይደነግጥም።

ሦስተኛ፦ መብራቱ በጣም ቀነሰ። እንደ ሞተር ያለ ድምፅ ብቻ። ድምፁን በደንብ ለመስማት ዓይኔን ጨፈንኩ።

አራተኛ፦ ክብ እየዞሩ ይሮጣሉ። አንድ በአንድ ይወጣሉ። ወጋሕታ ብቻዋን ቀረች፤ ትንፋሿ እስኪቆራረጥ ሮጠች። ይህ ጥሩ ነው። ጥሩ ነው ለማለት ግን በምን መዘንኩት?

አራተኛው ሊጀመር ሲል አጠገቤ የነበረችው አሜሪካዊት ፈገግ ብላ ከወለሉ ላይ ብዕሬን አንስታ ሰጠችኝ።

ፌብሩዋሪ 9፣ ሰኞ

ማስታወሻዬን አየሁት። ለአንደኛው ክፍል አስራ አንድ መስመር፣ ለሁለተኛው ዘጠኝ፣ ለአራተኛው አስራ አራት። ለሦስተኛው «ጨለማ። ሞተር? አንድ ወንበር» ይላል። ቀጥሎ ብዕሩ ወደ ታች የሳበው ረጅም መስመር አለ፤ እስከ ገጹ ጫፍ ወርዷል።

ጨለማ ውስጥ መጻፍ አስቸጋሪ ነው።

ፌብሩዋሪ 11፣ ረቡዕ

ዛሬ እረፍት ስለነበርኩ ቀኑን ሙሉ ስጽፍ ዋልኩ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተውኩት።

የመጀመሪያው ችግር ስሙ ነው። «ዘመናዊ ውዝዋዜ» ስል ትከሻ ያመጣብኛል። «ዳንስ» ስል ደግሞ አንባቢው ሠርግ ይታየዋል። በመጨረሻ «ዳንስ» ብዬ አለፍኩ፤ የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ምን ማለቴ እንደሆነ ገለጽኩ።

ሁለተኛው ችግር መለኪያው ነው። ወጣት ሳለሁ ከሞስኮ የመጣ የባሌት ቡድን አይቻለሁ። ልጅቷ በጣቶቿ ጫፍ ቆማ ስትሄድ ሥጋ ያላት አትመስልም ነበር። ያኔ የጻፍኩት ይህንኑ ነው፦ ክብደት የሌላት። እነ ወጋሕታ ግን ክብደታቸውን ሊደብቁ አልሞከሩም። ሲወድቁ ይከብዳሉ። ሲነሱ እንደ ማንኛውም ሰው መሬቱን በእጃቸው ይገፋሉ። ባሌት ክብደትን መደበቅ ከሆነ ይህ ክብደትን ማሳየት ነው። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ ትክክል ይመስለኛል።

ግን ሰው ሲነሳ ማየት ጥበብ ከሆነ እኔ በቀን አስራ አንድ ጊዜ አያለሁ። አንዲት አሮጊት ከዊልቸር ስትነሳ በመጀመሪያ የት እንደምታይ፣ የትኛውን ጉልበት እንደምታምን አውቃለሁ። ለዚህ ትኬት ይቆረጣል ወይ? ይህን አልጻፍኩም። ገብረትንሳኤ የሚጠይቀኝ ግን ይህንኑ ነው።

አንዴ ትልቅ ሥራ ነው እላለሁ። ሻይ አፍልቼ ስመለስ አምስት ልጆች ሲሮጡ ነው ያየሁት እላለሁ። በትያትር እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

ፌብሩዋሪ 13፣ ዓርብ

ባለቤቴ ምንትዋብ ረቂቁን አነበበችው። የአረጋውያን መንከባከቢያ ነው የምትሠራው፤ ከሥራ መጥታ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

«ሦስተኛው የታለ?» አለች።

«ጨለማ ነው። ድምፅ ነው።»

«ስንት ደቂቃ?»

«ጥቂት።»

«ጥቂት ስንት ነው? አንተ እኮ እንቁላል የተቀቀለበትን ደቂቃ የምትጽፍ ሰውዬ ነህ።»

ሰው ሲደክመው ነገር ይፈልጋል።

ፌብሩዋሪ 17፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሰጠሁ። ጾሙ ትናንት ገባ፤ ሎቱ ላይ «በጾም ጭፈራ?» የሚሉ አልጠፉም ይላል ጣሰው።

የመጨረሻው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «በአራቱም ክፍሎች ውስጥ አካል አለ፣ ድካም አለ፣ ድፍረት አለ። ያሳደጋት ቤት ግን የለም።»

ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው። ሲመጣልኝ ደስ አለኝ።

ሠርካዲስ ደወለች። «ጋሽ ባሕሩ፣ ስለ ሦስተኛው ክፍል ምንም የለም እኮ።»

«በአራቱም ይላል አይደል?»

«ይላል። በሦስተኛውም ቤቷ የለም ማለት ነው?»

«ሠርካዲስ፣ ያየሁት እኔ ነኝ።»

እንዲህ ነው ያልኳት። «እሺ፣ እርስዎ ካሉ» አለች። የሠርካዲስ ጥያቄ ትክክል ነበር። አዘጋጅ እንዲህ መጠየቅ አለበት።

ፌብሩዋሪ 20፣ ዓርብ

ወጣ። ሃቫና መንገድ ላይ ያሉት የሐበሻ ሱቆች በር ላይ ተደርድሯል። ስሜ በትክክል ተጽፏል። የፊደል ስህተት አንድ ብቻ።

ፌብሩዋሪ 22፣ እሁድ

ገብረትንሳኤ ራሱ ፈልጎ አገኘኝ። ተሳፋሪ አውርዶ ተርሚናሉ በር ላይ ቆሞ ነበር። ጋዜጣው ተጣጥፎ ከመሪው በላይ ያለው የፀሐይ መከላከያ ውስጥ ተሰክቷል።

«ሁለት ጊዜ አነበብኩት» አለ። «ቤት የለም ብለሃል።»

«ሌላም ብያለሁ። ጎበዝ ናት ብያለሁ።»

«ጎበዝማ ናት። ጎበዝነቷን ፍለጋ አይደለም ያነበብኩት።»

ከኋላው ያለው መኪና ጡሩምባ ነፋ።

«በል እግዜር ይስጥልኝ። አልሄድም። ገላገልከኝ» አለና እጄን ጨበጠኝ።

ፊቱ የተገላገለ ሰው ፊት አልነበረም። ምናልባት ፀሐይ ይሆናል።

ፌብሩዋሪ 24፣ ማክሰኞ

ወጋሕታ ቤት መጣች። አበባ ይዛ መጣች፤ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

አዲስ አበባ ተወልዳ በስድስት ዓመቷ ነው የመጣችው። ከወላጆቿ ጋር ትግርኛ፣ ከእኔ ጋር እንደሚከተለው።

«ጋሽ ባሕሩ፣ ቴንክ ዩ፣ ሪሊ። ማንም ሰው እንደዚህ ኬርፉል ሆኖ ጽፎልን አያውቅም። ማማ ናት ያነበበችልኝ።»

«ምንም አይደል።»

«ግን ሦስተኛው... ያን ያህል ባድ ነው?»

«እንዴት?»

«ምንም አላልክም። ሶሪ፣ አላሉም። ቤት የለም አሉ። ሦስተኛው እኮ ቤት ነው። ሆል ቲንግ፣ ሙሉው።»

ከዚያ ነገረችኝ። ስምንት ዓመቷ ሳለ እናቷ የማታ ሺፍት ነበራት። አባቷ ከትምህርት ቤት ወስዶ ሎቱ ላይ ያቆያት ነበር። ወረፋው እስኪደርስ እሱ ከፊት ይተኛል፣ እሷ ከኋላ ሆምወርኳን ትሠራለች።

«ሰባት ደቂቃ አባባን ነው የምሆነው። ታክሲው ውስጥ ሲተኛ። የሞተሩን ድምፅ ራሱ ከሎቱ ነው ሪኮርድ ያደረግኩት።»

«እሱ ያውቃል?»

«ኖ! እንዳይነግሩት። ራሱ መጥቶ እንዲያይ ነው የምፈልገው።» ከዚያ ደግሞ፣ «እርስዎ ግን አወቁት አይደል? አቀማመጡን? እርስዎ እኮ ያውቁታል።»

«አወቅሁት» አልኳት።

«ታዲያ ለምን...»

«ቦታ ጠበበኝ።»

ጋዜጣ ላይ ቦታ ይጠባል። ይህ እውነት ነው። የእኔ ጽሑፍ ያለበት ገጽ ግን ሩቡ ባዶ ቀርቶ ሠርካዲስ የጠበቃ ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ አድርጋ ነው የሞላችው።

ወጋሕታ «ኦኬ» አለች። ማመኗንም አለማመኗንም አላውቅም። ስትወጣ «አባባ ይመጣል ብለው ያስባሉ?» አለችኝ። በሩን ይዤ ቆምኩ። ምን እንዳልኳት አሁን አላስታውስም።

ፌብሩዋሪ 25፣ ረቡዕ

ለምን «አወቅሁት» አልኩ?

ልጅቷ እንዳይከፋት ነው። አይደለም፤ የራሴን ጉድ ለመሸፈን ነው። ወይም ሁለቱም።

ዛሬ አንድ ሽማግሌ የተሳሳተ ጌት ወሰድኩ። አስራ ስምንት ደቂቃ አጠፋሁበት። በስምንት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

ፌብሩዋሪ 26፣ ሐሙስ

ምንትዋብ፦ «ተኝተህ ነበር አይደል?»

አበባው ላይ ውሃ ጨመረች።

ፌብሩዋሪ 27፣ ዓርብ

ተኝቼ ነበር።

ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ክፍሉ ሰባት ደቂቃ ነው፤ ከሰባት አይበልጥም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቼ ነበር፣ ማሞቂያው ከራሴ በላይ ነበር፣ የሞተር ድምፅ ነበር። እነዚህ ምክንያቶች ናቸው፤ ሁሉም እውነት ናቸው። ግን መተኛቴ አይደለም ጥፋቱ። «በአራቱም» ብዬ መጻፌ ነው። በሦስቱ ብል ኖሮ ማንም ምንም አይለኝም ነበር። አንዲት ቃል ናት።

አዲስ አበባ አንድ የስፖርት ዘጋቢ ያላየውን ጨዋታ ከሬዲዮ ሰምቶ ጻፈ ተብሎ ከእኛ ጋዜጣ ሲባረር የፈረምኩት እኔ ነበርኩ። ስሙን አስታውሳለሁ። እዚህ አልጽፈውም።

እና ሌላ ግራ የሚያጋባኝ ነገር አለ። ያላየሁትን ካነሳሁት የቀረው ትክክል ነው ወይ? ሦስተኛውን ሳላይ አራተኛው ገብቶኛል ማለት እችላለሁ? ብቻዋን ስትሮጥ ምን እየሸሸች ወይም ምን እያሳደደች እንደነበር በሦስተኛው ውስጥ ተነግሮ ይሆናል። አራት ክፍል ያለውን ነገር ሦስቱን አይቼ ፈረድኩ።

ነገ ቅዳሜ ነው። በመጀመሪያ ልየው። አይቼ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ።

ፌብሩዋሪ 28፣ ቅዳሜ

በረዶ። በረራ ሁሉ ዘገየ። ሱፐርቫይዘሩ ማንም አይወጣም አለ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ኮንኮርስ ሲ የሚባለው ክንፍ ላይ አንዲት እናትን ሽንት ቤት በር ላይ እየጠበቅሁ ነበር።

ነገም ትርፍ ሰዓት።

ማርች 1፣ እሁድ

ለሠርካዲስ በእረፍቴ ደወልኩ። እርማት ማውጣት እፈልጋለሁ አልኳት።

«ስለ ፊደሉ ነው?»

«አይደለም።» ነገርኳት።

አልሳቀችም። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር።

«ጋሽ ባሕሩ፣ ቀጣዩ እትም ማርች 20 ነው» አለች። «እሷ እኮ ትሄዳለች። ፌስቡክ ላይ ላውጣው?»

«ገብረትንሳኤ ፌስቡክ አያይም። የሚያምነው የታተመውን ነው።»

«ታዲያ ሄደው ይንገሩት።»

ይሄ ቀላል ይመስላታል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስሙ የጠፋ፣ ማዕረጉ የተዛባ፣ ሳይሞት ሞተ የተባለ ሰው ሁሉ ቢሮዬ ሲመጣ «በሚቀጥለው እትም ይታረማል» ብዬ ሸኝቻለሁ። ደንቡ ይህ ነው፦ ስህተቱ በወጣበት ገጽ፣ በዚያው ስፍራ፣ በዚያው የፊደል መጠን። ማንም ቤት ሄጄ አላውቅም። በአፍ የተነገረ እርማት እርማት ነው ብዬ አላውቅም።

«እሺ» አልኳት። ዛሬ ግን አልሄድኩም።

ማርች 5፣ ሐሙስ

ሦስት ቀን ቆይቼ ሄድኩ።

ገብረትንሳኤ ከጣሰውና ከሌሎች ሁለት ሾፌሮች ጋር ታክሲው ጎን ቆሞ ነበር። ለብቻው ልነግረው ነበር ያሰብኩት። ነገር ግን እንዳየኝ «ጋዜጠኛው መጣ!» ብሎ ጠራኝ፤ ሁሉም ዞሩ።

«ስለጻፍኩት ነው» አልኩት። «በአራቱም ክፍሎች ብያለሁ። ያየሁት ሦስቱን ነው። በሦስተኛው ተኝቼ ነበር።»

«የት?»

«እዚያው። ወንበሩ ላይ።»

«እና ጋዜጣ ላይ ያወጣኸው?»

«ያየሁትን ነው።»

«ያላየኸውንም ጨምረህ!» ወደ ሌሎቹ ዞረ። «ስሙ እንግዲህ! ይሄ ሰውዬ ልጄን ተኝቶ ነው የተቻት!»

ጣሰው፣ «አይዞዎት ጋሽ ባሕሩ፣ እኔም ተኝቼ ነው የምነዳው» አለ። ሳቁ። እኔም ልስቅ ነበር።

ገብረትንሳኤ ግን ክንዴን ይዞ ከነሱ ራቅ አደረገኝ። ድምፁ ዝቅ አለ።

«ለሁለት ሳምንት የለም ብዬ ነው የተቀመጥኩት» አለ። «ሃያ ምናምን ዓመት እዚህ ቆሜ ያሳደግኋት ልጅ ከእኔ ምንም አልወሰደችም ብዬ። ሚስቴ ሂድ ስትለኝ ጋዜጣውን ነው የማሳያት። ይኸው ይላል፣ ባሕሩ ነው የጻፈው እላታለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም።»

ከፊቱ ያሉት ታክሲዎች ተንቀሳቀሱ፤ ተራው ደርሶ ነበር። አልሄደም። ከኋላው ያለው አልፎት ሄደ።

«በል ንገረኝ። ሦስተኛው ላይ ምንድነው ያለው?»

«ሰምቻለሁ፤ አላየሁም። ያላየሁትን ሁለተኛ አልነግርህም። እሁድ የመጨረሻው ነው። ሄደህ እይ።»

«በጾም?»

«በጾም።»

«ከቅዳሴ በኋላ?»

«ስምንት ሰዓት ነው። ይደረሳል።»

ታክሲው ውስጥ ገባ። መስኮቱን ዘጋው። ይህ እምቢታ ይሁን እሺታ አልገባኝም።

ማርች 7፣ ቅዳሜ

ሁለት ትኬት አለኝ። አንዱን ሎቱ ላይ ለጣሰው ሰጠሁት፣ ለገብረትንሳኤ እንዲሰጠው። ለራሱም ስልክ ደወልኩ፤ አላነሳም። ጣሰው ማታ «ተቀብሏል፣ ኪሱ ከተተው፣ አላየውም» የሚል ሜሴጅ ላከ።

ነገ ፈቃድ ወስጃለሁ። ዛሬ በአንድ ሰዓት ተኛሁ ማለት እችላለሁ፤ ተጋደምኩ ማለት ይሻላል።

ማርች 8፣ እሁድ። ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት።

ዛሬ እንደ አገሩ ልማድ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደፊት ተገፍቷል። ምንትዋብ ስልኬንም የግድግዳውንም ሰዓት ሁለት ጊዜ አየችልኝ። ሰባት ሰዓት ተኩል አዳራሹ በር ላይ ነበርኩ። ከማሞቂያው ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ መብራቱ ሲጠፋም ባዶ ነበር።

አንደኛው ክፍል ግማሽ ላይ ገብረትንሳኤ በጨለማው እየዳበሰ መጣ። ሙሉ ልብስ፣ ከላዩ ነጠላ፤ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ነው። ሦስት ሰው እግር ረግጦ ተቀመጠ።

«የትኛው ነው ሦስተኛው?» አለኝ ጆሮዬ ላይ።

«ከሚቀጥለው በኋላ።»

«እንዳትተኛ።»

ሁለተኛውን ክፍል አየሁት፤ ምንም አልጻፍኩም። ወንዶቹ ሲወድቁ እሱ በእያንዳንዷ «እህ» ይል ነበር።

ውጭ ሲወጡ አባትና ልጅ የተነጋገሩትን እዚህ አላሰፍርም። በትግርኛ ነበር፣ ፈጣን ነበር፤ ግማሹን አልሰማሁም፣ ግማሹ አይመለከተኝም። አብረው በታክሲው ሄዱ። ነገ አየር ማረፊያ የሚያደርሳት እሱ ነው።

ለእርማቱ የሚሆነውን ግን በትክክል ልጻፍ።

በሦስተኛው ክፍል መድረኩ ላይ አንድ ወንበር አለ። ብርሃኑ ከጎን ነው፤ የመኪና ማቆሚያ ግቢ መብራት ይመስላል። ወጋሕታ ወደ ግራ ትንሽ ዞራ ትቀመጣለች፤ አንድ ትከሻዋ በር የተደገፈ ይመስላል፣ በር የለም። ግራ እጇ ጉልበቷ ላይ፣ ቀኝ እጇ መሪ ላይ፤ መሪ የለም። ሞተሩ ይሰማል። ገብረትንሳኤ መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ተደግፎ ያይ ነበር። ከዚያ ተደግፎ ማየቱን ተወ። ቀኝ እጁን ከጉልበቱ ላይ አነሳና ተመለከተው፤ የት እንደሚያኖረው ያጣ ይመስል ነበር።

ጭንቅላቷ ቀስ ብሎ ወደ ትከሻዋ ይወርዳል። ይነቃል። ደግሞ ይወርዳል። ይህ አራት ጊዜ ነው። እንዲህ ተጽፎ ምንም አይመስልም፤ አዳራሹ ውስጥ ግን የሚያስል ሰው አልነበረም። በአምስተኛው ወደ ኋላ ሄደ። በወንበሩ መደገፊያ ላይ ታጥፎ ተንጠለጠለ፣ አፏ ተከፈተ፣ ጉሮሮዋ ለብርሃኑ ተጋለጠ። እንደዚያ ሆና ቀረች። እኔ በልማድ ቆጠርኩ። ሃያ ስድስት ላይ ደርሼ ነበር።

«ክሳድኪ!» አለ ገብረትንሳኤ። በሹክሹክታ አልነበረም። «ክሳድኪ፣ ጓለይ!»

አንገትሽ፣ ልጄ፣ አንገትሽ ማለቱ ነው። ሰው ሁሉ ዞረ። አንዲት ሴት ከፊታችን በእንግሊዝኛ ዝም በሉ አለች። እሱ አልሰማትም፤ ከወንበሩ ግማሽ ተነስቶ ነበር፣ ነጠላው ወለሉ ላይ ወድቋል።

መድረኩ ላይ ወጋሕታ ቆመች፤ ማለቴ የትንፋሿ እንቅስቃሴ እንኳ ቆመ። ከዚያ ዓይኗን ሳትከፍት ቀኝ እጇ ከመሪው ላይ ተነሳ። በጣም ቀስ ብሎ ሄዶ ማጅራቷን ከሥር ደገፈ። ጭንቅላቷ በእጇ ላይ ተመልሶ ቀና አለ። እንዲህ ሆና መብራቱ እስኪጠፋ ቆየች፤ ሞተሩም አብሮ ጠፋ።

ገብረትንሳኤ ተቀመጠ። «በእጇ ያዘችው» አለኝ። «አየህ?»

አየሁ አልኩት።

እርማቱ እስከዚህ ድረስ ሊሄድ ይችላል፤ ከዚህ በኋላ አይሄድም። እጇ የተነሳው ሁልጊዜም በዚያ ቦታ ስለሚነሳ ይሁን ወይስ የአባቷን ድምፅ ስለሰማች፣ አላውቅም። አባቷ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየው። እኔም ሁለት ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጬ፣ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው።